ጠይቁኝ፦ ፓይተን ጭኛለሁ፣ ኮምፒውተሬ ግን አላውቀውም ይላል

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል አንድ ቦታ ላይ የቆሙ ናቸው። ሰው ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኮድ መጻፍ ይፈልጋል። ቪዲዮ አይቷል፣ ከጓደኛው ጋር ተከራክሯል፣ ፋይል አውርዷል። የመጀመሪያው ፕሮግራም ግን አልሠራም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሥራ ቅጥርና ስለ ሰርተፍኬት የጠየቃችሁኝን ለሌላ ጊዜ አቆይቼ እዚሁ ላይ እቆያለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ይህ ዓምድ የሚታተመው በፊደላችን ብቻ ነው። ኮድ ውስጥ ፕሪንት፣ ኢንፑት፣ ኢንትና እንደነሱ ያሉ የእንግሊዝኛ ቃላትን ስጽፍ እናንተ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ጻፉት። በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያለውን አማርኛና የአማርኛ ስሞቹን ግን እንዳሉ ተዉአቸው። ይሠራሉ።

ጤና ይስጥልኝ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አጎቴ የድሮ ላፕቶፑን ሰጠኝ። ዊንዶውስ 7 ነው፣ ራሙ 2 ጊጋ። ከጓደኛዬ በፍላሽ ያመጣሁት ፓይተን አልጫንም አለኝ። ሌላ ሥሪት ፈልጌ ጫንኩ፣ እሱ ገባ። ጥቁሩ መስኮት ላይ ፓይተን ብዬ ስጽፍ ግን አላውቀውም ይለኛል። ቪኤስ ኮድ የሚባለው የኮድ መጻፊያ ደግሞ ላፕቶፑን ያስተኛዋል። ጓደኞቼ ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለው ቋንቋ ይሻልሃል ይሉኛል። ከየት ልጀምር? (ግራ የገባው፣ ከደብረ ማርቆስ)

ወንድሜ፣ ላፕቶፕህ ይበቃሃል። መጀመሪያ ፓይተንህ ለምን እንቢ እንዳለህ ልንገርህ። ከ3.9 ጀምሮ ያሉት የፓይተን ሥሪቶች ዊንዶውስ 7 ላይ አይጫኑም። ለአንተ የሚሆነው የመጨረሻው 3.8 ነው። ከእሱም 3.8.10 የሚለውን ከፓይተን ዋናው ድረ ገጽ አውርድ። ከ30 ሜጋባይት በታች ነው፣ ብዙ ዳታ አይበላም። ዊንዶውስህ ሰርቪስ ፓክ 1 ከሌለው ግን እሱንም አይቀበልም። መጀመሪያ ኮምፒውተር የሚለው ላይ በቀኝ ተጫንና ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብተህ እይ። ከጓደኛ ፍላሽ የሚመጣውን ነገር ተወው። ፓይተን ነፃ ነው፣ የሚሰበር ቁልፍ የለውም። ቫይረስ ለማምጣት ካልሆነ ፍላሹ ምን ያደርግልሃል?

"አላውቀውም" የሚለው ነገር ደግሞ የሁሉም ጀማሪ ችግር ነው። ጥቁሩ መስኮት (ኮማንድ ፕሮምፕት) ላይ አንድ ስም ስትጽፍ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን በሙሉ አይፈልግም። ፓዝ በሚባል ዝርዝር ውስጥ የተጻፉ ቦታዎችን ብቻ አንኳኩቶ ይመለሳል። የታዘዘበትን በር ብቻ እያንኳኳ "ቤት የሉም" ብሎ እንደሚመጣ ልጅ ነው። ፓይተን ሲጫን መጀመሪያ የሚመጣው መስኮት ግርጌ ላይ "አድ ፓይተን ቱ ፓዝ" የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። ምልክት ሳይደረግባት ነው የምትመጣው። አብዛኛው ሰው ሳያያት ያልፋል።

ሳጥኗን አልፈሃት ከሆነ ማጥፋትና እንደገና መጫን አያስፈልግህም። ያንኑ የጫንክበትን ፋይል ክፈት፣ ሞዲፋይ በል፣ ኔክስት በል፣ ከዚያ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብልስ የሚል ያለባትን መስመር ምልክት አድርግ። ስትጨርስ ጥቁሩን መስኮት ዝጋና አዲስ ክፈት። አሮጌው መስኮት አሮጌውን ዝርዝር ይዞ ነው የሚቆየው። ከዚያ በፊት ግን ፓይተን ከማለት ይልቅ ሁለት ፊደል ብቻ፣ ፒ እና ዋይ፣ ጽፈህ ሞክር። ብዙ ጊዜ እሷ ትሠራለች።

ቪኤስ ኮድን ተወው። ጥሩ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን ውስጡ ሙሉ ብሮውዘር ነው የተሸከመው። 2 ጊጋ ራም ላይ ማሠቃየት ነው፤ አዳዲሶቹ ሥሪቶችም ዊንዶውስ 7ን ትተውታል። ፓይተን ስትጭን አይድል የሚባል የራሱ መጻፊያ አብሮ ገብቶልሃል። ስታርት ላይ ፈልገው። ፋይል፣ ኒው ፋይል በል። ጻፍ። ኤፍ5 ተጫን። በቃ። መስኮቱ ቆንጆ አይደለም። ሥራውን ግን ይሠራል።

አሁን ወደ ፕሮግራሙ። ሁሉም ሰው "ሰላም ዓለም" ብሎ ይጀምራል። አንተም አንድ ጊዜ በል፦

ፕሪንት("ሰላም")

ይህ መሣሪያው መሥራቱን ብቻ ነው የሚያሳይህ። ስለዚህ ቶሎ እለፈውና የሚጠቅምህን ጻፍ። የፈረንጅ ሰዓት ወደ እኛ ሰዓት የሚለውጥ ፕሮግራም እንሥራ፦

ሰዓት = ኢንት(ኢንፑት("የፈረንጅ ሰዓት ስንት ነው? "))
የኛ = ሰዓት - 6
ፕሪንት("በእኛ", የኛ, "ሰዓት ነው")

ኢንፑት ከኪቦርድ ይቀበላል። የሚቀበለው ግን ጽሑፍ ነው፤ 7 ብትጽፍም ለእሱ ፊደል ናት። ኢንት ወደ ቁጥር ይቀይራታል። አስነሣውና 7 ስጠው። 1 ይልሃል፣ ልክ ነው። 10 ስጠው፣ 4። እሰይ። አሁን 3 ስጠው። ሲቀነስ 3 ይልሃል። ሲቀነስ ሦስት ሰዓት የሚባል ነገር የለም፣ 9 ነው መሆን ያለበት።

ሁለተኛውን መስመር እንዲህ አድርገው፦

የኛ = (ሰዓት - 6) % 12

የመቶኛ ምልክቷ እዚህ መቶኛ አይደለችም። ለ12 ሲካፈል የሚተርፈውን ነው የምትሰጥህ። አሁን 3 ሲገባ 9 ይወጣል። (ሲ ፕላስ ፕላስ ይሻላል ላሉህ ጓደኞችህ ይህችኑ መስመር ስጣቸው። እነሱ ዘንድ መልሱ ሲቀነስ 3 ሆኖ ይቀራል። ይጨቃጨቁበት።) ጨርሻለሁ ብለህ ከመነሣትህ በፊት ግን 6 ስጠው። 0 ሰዓት ይልሃል! ከጠዋቱ 12 ሰዓት ማለት ነበረበት። መድኃኒቱ ይኸው፦

የኛ = (ሰዓት + 5) % 12 + 1

ለምን 5፣ ለምን በመጨረሻ 1 ተጨመረ? አልነግርህም። ወረቀት አውጣና 6ን፣ 7ን፣ 12ን በእጅህ አስልተህ እየው።

የቋንቋ ምርጫውን ጥያቄ ሆን ብዬ ነው የዘለልኩት። ይህችን ሠርተህ ስትጨርስ ራሱ ይመልስልሃል። አምስት ሚሊዮን ኮደሮች በሚለው መርሐ ግብር ገብተህ መማር ከፈለግህም ተመዝገብ፣ ክፍያ የለውም። ላፕቶፕህ ላይ መሣሪያው ተጭኖ ሲጠብቅህ ትምህርቱም ይቀላል።

የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ፓይተን የጀመርኩት የተማሪዎቼን ስም በፊደል ተራ የሚደረድርልኝ ፕሮግራም ልጽፍ ብዬ ነው። ሁለት ነገር አስቸገረኝ። ስሞቹን በአማርኛ ጽፌ ሳስነሣው ቀይ መልእክት ይመጣል። ኮማው ላይ ነው ይላል፣ ኮማው ግን ልክ ነው። ያንን አልፌ ውጤቱን ፋይል ላይ ልጽፍ ስል ደግሞ ቻርማፕ የሚል ነገር ብሎ ይቆማል። ለመሆኑ አማርኛ ኮድ ውስጥ ይፈቀዳል? (መምህር፣ ከጎንደር)

መምህር፣ ከዚህ ወር ደብዳቤዎች ሁሉ የወደድኩት የእርስዎን ነው። የሚፈልጉትን ያውቃሉ።

ይፈቀዳል። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው፣ ለዓለም ፊደላት መለያ ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ደግሞ ጽሑፍን ሁሉ በዩኒኮድ ያያል። ለተለዋዋጮች (ዋጋ ለሚያስቀምጡባቸው ቦታዎች) የሚሰጡትንም ስም በአማርኛ ይቀበላል። የማይቀበለው ሥርዓተ ነጥባችንን ነው። የአማርኛ ኪቦርድ ክፍት እያለ ኮማ ሲጫኑ የሚወጣው የእኛ ነጠላ ሰረዝ፣ ይህቺ (፣) ናት። ለዓይን ትንሽ ነው ልዩነቷ። ለፓይተን ግን የማያውቃት ምልክት ናት። አዲሶቹ ሥሪቶች ምልክቷን ራሷን ጠቅሰው 1363 የሚል ቁጥር ከጎኗ ያሳያሉ። ያ ቁጥር በዩኒኮድ የነጠላ ሰረዛችን መለያ ነው። 1361 ካዩ ሁለት ነጥብ፣ 1362 ካዩ አራት ነጥብ ነው የገባው። ስለዚህ ስሙን በአማርኛ ይጻፉ፤ ጥቅሱን፣ ኮማውንና ቅንፉን ሲጽፉ ወደ እንግሊዝኛ ይመለሱ። ያሰለቻል፣ አውቃለሁ። ከዎርድ ላይ ቀድተው የሚለጥፉ ከሆነም ተጠንቀቁ። የዎርድ ጥቅስ ጠመዝማዛ ነው፣ ፓይተን ቀጥ ያለውን ይፈልጋል።

ስለ ቁጥሮቻችን ካነሣን አንድ አስቂኝ ነገር ልጨምር። አንድን ተለዋዋጭ ስም፩ ብለው ቢሰይሙት ፓይተን ምንም አይልም። ኢንት("፩") ቢሉት ግን ቁጥር አይደለም ብሎ ይቆጣል። ለስሌት የተለመደውን 1 ይጠቀሙ።

ቻርማፕ የሚለው ከፓይተን ሳይሆን ከዊንዶውስ የመጣ ጣጣ ነው። ፋይል ሲከፍቱ በምን ዓይነት አጻጻፍ እንደሚቀመጥ ካልነገሩት፣ ፓይተን የዊንዶውሱን የድሮ ልማድ ይከተላል። እዚያ ውስጥ ደግሞ ፊደላችን የለም። ኦፕን በሚለው ትእዛዝ ቅንፍ ውስጥ፣ ከፋይሉ ስምና ከደብልዩዋ ቀጥሎ ኮማ አድርገው ኢንኮዲንግ="ዩቲኤፍ-8" ብለው ይጨምሩ። ጥቅስ ውስጥ ብትሆንም ይህችን በእንግሊዝኛ ፊደላት ይጻፏት፤ ሰረዟ እንዳትረሳ። ፋይሉን በኤክሴል ሊከፍቱት ካሰቡ ከ8 በኋላ ሌላ ሰረዝና ኤስ፣ አይ፣ ጂ የሚሉትን ሦስት ፊደላት ያስከትሉ። ያለዚያ ኤክሴል አማርኛውን ምስቅልቅሉን አውጥቶ ነው የሚያሳይዎ። ስሞቹ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተተየቡ ከሆነ ግን እንደገና መተየብ ወይም መቀየሪያ መፈለግ ይኖርብዎታል። እነዚያ ጽሑፎች ለዓይን አማርኛ ይመስላሉ እንጂ ከውስጥ የላቲን ፊደል ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መደርደሩ ራሱ አንድ መስመር ነው፦

ተማሪዎች = ["ሰላማዊት", "አበበ", "ኃይሉ", "ሀብታሙ"]
ፕሪንት(ሶርትድ(ተማሪዎች))

ዩኒኮድ ፊደላችንን ያስቀመጠው በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተራ ስለሆነ ድርደራው የእኛን ተራ ይከተላል። ውጤቱን ግን ልብ ይበሉ። ሀብታሙ፣ ሰላማዊት፣ ኃይሉ፣ አበበ ብሎ ነው የሚያወጣው። ኃይሉ ከሀብታሙ ርቆ ከሰላማዊት በታች ገባ። ብዙኃኑ ኀ ያለው ከተ እና ቸ በኋላ ነውና። በስም መዝገብ ላይ ይህ ትልቅ ጣጣ ነው። አንዱ ልጅ ሀይሉ፣ ሌላው ኃይሉ ብሎ ይጽፋል። አንዷ ዓለም፣ ሌላዋ አለም ትላለች። ለእኛ ስሙ ያው ነው፣ ለኮምፒውተሩ አራት የተለያዩ ስሞች ናቸው። (ለተለዋዋጭም ይኸው ሕግ ይሠራል። ላይ ሰዓት ብለው ታች ሰአት ካሉ ፓይተን "ይህን ስም አላውቅም" ይላል።)

ስሙን ሳንነካ፣ ለድርደራ ብቻ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት አንድ እናድርጋቸው፦

ከ = "ሐሑሒሓሔሕሖኀኁኂኃኄኅኆሠሡሢሣሤሥሦዐዑዒዓዔዕዖፀፁፂፃፄፅፆሃኣ"
ወደ = "ሀሁሂሀሄህሆሀሁሂሀሄህሆሰሱሲሳሴስሶአኡኢአኤእኦጸጹጺጻጼጽጾሀአ"
ሰንጠረዥ = ስትር.ሜክትራንስ(ከ, ወደ)
ዴፍ ቁልፍ(ስም):
    ሪተርን ስም.ትራንስሌት(ሰንጠረዥ)
ፕሪንት(ሶርትድ(ተማሪዎች, ኪይ=ቁልፍ))

ስትር ማለት ኤስ፣ ቲ፣ አር ናት። ዴፍ ደግሞ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ። ሜክትራንስ ያለ ክፍተት አንድ ቃል ነው። የ"ከ" እና የ"ወደ" ፊደላት ብዛት እኩል መሆን አለበት፤ አንዷ ብትጎድል ፓይተን አይቀበልም። ሪተርን ያለችበት መስመር ወደ ውስጥ አራት ክፍተት ገብታለች። ያ ለውበት አይደለም። ፓይተን የትኛው መስመር የማን እንደሆነ የሚያውቀው በዚያ ነው። አሁን ሀብታሙና ኃይሉ ጎን ለጎን ይመጣሉ፣ የአጻጻፍ ምርጫቸውም እንደተከበረ ይቆያል።

ሪያድ ነው የምሠራው፣ ሰው ቤት። ላፕቶፕ የለኝም፣ ስልክ ብቻ። ማታ ማታ ኮድ መማር እፈልጋለሁ። በኢንተርኔት ያገኘሁት አንድ ማሠልጠኛ 500 ሪያል ክፈይና በሦስት ወር ሥራ እናስገባሻለን አለኝ። ልክፈል ወይስ በስልክ መጀመር ይቻላል? (እህታችሁ)

እህቴ፣ አትክፈይ። በሦስት ወር ሥራ አስገባለሁ የሚል ሰው ሥራውን ራሱ ይሠራ ነበር።

በስልክ ይጀመራል። አንድሮይድ ከሆነ ከፕሌይ ስቶር ፓይድሮይድ 3 የሚባለውን አውርጂ። አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ዋይፋይ ሲጠፋም አትቆሚም። ማስታወቂያው ትንሽ ያበሳጫል። ስልክ ላይ ያለው ዋና ተንኮል ኪቦርዱ ነው። የመስመሩን የመጀመሪያ ፊደል በራሱ ትልቅ ያደርጋል። ፕሪንት በትልቅ ፒ ከጀመረ ፓይተን አያውቀውም። ከኪቦርዱ ሴቲንግ ውስጥ ፊደል ማሳደጊያውንና ራሱ የሚያርመውን ነገር አጥፊው።

ለመጀመሪያ ፕሮግራምሽ ወደ ቤት የምትልኪውን አስቢ፦

ምንዛሪ = ፍሎት(ኢንፑት("ዛሬ 1 ሪያል ስንት ብር ነው? "))
ሪያል = ፍሎት(ኢንፑት("ስንት ሪያል ትልኪያለሽ? "))
ፕሪንት(ሪያል * ምንዛሪ, "ብር ይደርሳል")

ፍሎት ያልነው ምንዛሪ ነጥብ ስላለው ነው። ኢንት ነጥብ ያለበትን ጽሑፍ አይቀበልም። ምንዛሪውንም ኮዱ ውስጥ አልጻፍነውም፣ በየጊዜው እንዲጠይቅሽ ነው ያደረግነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብሩ በገበያ ስለሚወሰን የዛሬው ቁጥር ነገ አይሠራምና። ይህ ሲሠራልሽ የመላኪያውን ክፍያ የሚቀንስ አንድ መስመር ራስሽ ጨምሪ። ከዚያ ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች ብትልኪ የትኛው ለእናትሽ የበለጠ እንደሚያደርስ የሚያነጻጽር አድርጊው። ይህን ስትጨርሺ ጻፊልኝ፣ ወደ ቀጣዩ እናልፋለን።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። የ9 ዓመት ልጄ ኮዲንግ ይወዳል፣ አማርኛ ማንበብ ግን ይሰንፋል። ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ ይቻላል? (እናት)

ይቻላል፣ ያውም በነፃ። ልጆች ብሎክ እየገጣጠሙ ኮድ የሚሠሩበትን፣ ስክራች የሚባለውን የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ የኤምአይቲ ሥራ ይክፈቱለት። ኮዱ በሚሠራበት ገጽ ከላይ ሴቲንግስ የሚለውን ተጭነው ከቋንቋዎቹ ዝርዝር አማርኛን ይምረጡ። ብሎኮቹ በአማርኛ ይመጣሉ። ልጁ ድመቷን ለማራመድ የግድ ማንበብ አለበት። ትርጉሙ አንዳንድ ቦታ ጎርበጥ ይላል። እሱ ላይ አብራችሁ ተቀመጡ፣ "ይህን እኛ ቤት እንዴት እንላለን?" እያላችሁ። ለፓይተን ገና ነው፣ አይቸኩሉ።

ፕሮግራሜን ኖትፓድ ላይ ጽፌ ሰላም ነጥብ ፓይ ብዬ አስቀመጥኩ። ሁለቴ ስነካው ኖትፓድ ይከፈታል እንጂ አይሠራም። (ከአዳማ)

ስሙ ሰላም ነጥብ ፓይ ነጥብ ቴክስት ሆኖ ነው የተቀመጠው። ዊንዶውስ መጨረሻዋን ይደብቅሃል። ፎልደሩን ክፈት፣ ከላይ ቪው የሚለው ውስጥ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ የምትለውን አብራ። ትርፏን ጅራት ቁረጥ።

ከዚያ ሁለቴ ስትነካው ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ተበላሸ ብለህ እንዳትጽፍልኝ። ፕሮግራሙ ሠርቶ ስለጨረሰ ነው የሚዘጋው። የመጨረሻው መስመር ላይ ኢንፑት() ብለህ ጨምር፣ ኢንተር እስክትጫን ይጠብቅሃል። አማርኛው በዚያ መስኮት ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከመጣም ኮድህ ደህና ነው። የመስኮቱ ፎንት ነው ፊደላችንን የማያውቀው። አይድል ውስጥ አስነሣው፣ በትክክል ታነበዋለህ።